የሁዳዴ አይብ

«ሰርጌ ላይ ኬክ ካልቆረስሁ አላገባም!»

ወለላ ይህን ያለችው በቅበላ ሰሞን ነው። ቤት ሙሉ ሰው ሳቀባት። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን እንደሚመጣብኝ መች አወቅሁና! ኬክ የሚሠራ በወረታ የለም። ከባሕር ዳር ይምጣ ቢባል፣ በዚያ ሙቀትና በዚያ ፒስታ መንገድ ክሬሙ ሐሙሲት ሳይደርስ ሾርባ ይሆናል። ልጅቷ ግን አኩርፋ ጓዳ ገባች። እጮኛዋ ሲሳይ ባሕር ዳር የጓደኛውን ሰርግ ሲያሳያት አምስት ደርብ ኬክ አይታ መጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ ዳቦ ብትሏት፣ ድፎ ብትሏት አትሰማም።

ወለላ የሀይለየሱስ እህት ናት። ሀይለየሱስ ደግሞ... ምን ልበላችሁ፣ ሀይለየሱስ የኔ ነው። የኔ ነው ብዬ ለመናገር ግን ያን ጊዜ አልተፈቀደልኝም። ከተማው ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል፣ እሑድ እሑድ አባቱ በሚያገለግሉበት ደብር በድቁና ይቀድሳል። አባቱ መሪጌታ ገብረማርያም ናቸው፤ የይፋግና የወረታ ሰው ሁሉ «የኔታ» የሚላቸው፣ ሲያዩዋችሁ ያላጠፋችሁትን ጭምር የሚያስታውሷችሁ ዓይነት ሰው። እኔ ነፃነት እባላለሁ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፣ ለገሀር ያደግሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ገበሬው ወተት በሚያስረክብበት ቤት በወተት ባለሙያነት ሠርቻለሁ። መቼም እዚህ ፎገራ መጥቶ ላም ያልወደደ የለም፤ እኔ ከላሟም አልፌ ዲያቆን ወደድሁ።

ሀይለየሱስ ስለ እኔ ለአባቱ የነገራቸው በዚያው በቅበላ ነው። የኔታም እሺም እንቢም አላሉ። «የወለላ ሰርግ ይለፍ። ሁዳዴውን ልያት፤ በሰርጉ ማግሥት መልስ እሰጥሃለሁ» አሉት። እኔ በበኩሌ እናቴ አዲስ አበባ ሆና ሰው ለምና ያስጨረሰችልኝ ዝውውር ነበረኝ። የኔታ እንቢ ካሉ ከሰርጉ በኋላ ባለው ማክሰኞ በአውቶቡስ ልሄድ፣ እሺ ካሉ ልቀር፤ ነገሬ ሁሉ በእኚህ ሽማግሌ አንደበት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እንግዲህ ያን ቀን ወለላ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ተከትያት ገባሁና አፌ አመለጠኝ።

«በአይብ እሠራልሻለሁ» አልኳት።

«በምን?»

«በፎርማጆ። ሁዳዴ ሲገባ ወተት የሚገዛ የለም፤ ላሞቹ ግን አይጾሙም። በተረፈው ወተት ደረቅ አይብ እሠራለሁ። እስከ ሰርግሽ፣ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይበስላል። አምስት ሠርቼ ከሰፊው እስከ ጠባቡ እደረድርልሽና በላዩ አበባ አደርግበታለሁ። አይቀልጥ፣ አይናድ!»

እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አቀፈችኝ። በሩ ላይ ሀይለየሱስ ቆሞ ያየን ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ትክ ብሎ አየኝ።

*

እውነቱን ልናገር፣ አዲስ አበባ ሳለሁ ጾሜ እንደ ነገሩ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ እየተቆጣች፣ እኔ ኬክ ቤት ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው ያደግሁት። የዚያን ዓመት ሁዳዴ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም ነበር። ማንም አላስገደደኝም። እሱ ቆሞ ሲቀድስ እያየሁ እኔ ደግሞ እንዴት ብዬ እበላለሁ?

ሥራዬ ደግሞ ወተት ነው! እስቲ አስቡት፦ ቀኑን ሙሉ ወተት ስታፈሉ፣ ስታረጉ፣ አጓቱን ስታጠልሉ ውላችሁ፣ ጠረኑ ልብሳችሁና ጠጉራችሁ ውስጥ ገብቶ፣ አንዲት ጠብታ ግን በአፋችሁ ሳትዞር። በሌላ ጊዜ እጄ ከድስቱ ወደ አፌ ሲመላለስ ነው የሚውለው፤ ያለዚያ አይብ አይሠራም። የዚያን ጊዜ በዓይኔና በእጄ ብቻ ሠራሁ።

አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ ትሁን ነበሩ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ለኔ እናት የሆኑኝ ሴት። ትልቁን አይብ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ትንሹን በዱቄት ወተት ጣሳ ቅርፅ አስያዝነው። በላዩ ድንጋይ ጭነን ውሃውን አስወጣነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን በጨው መታሸት አለበት። ማታ ማታ ጨው የማሸው እኔ ነኝ፤ ጠዋት ቀድመው ገብተው የሚጠርጉትና የሚያገላብጡት እሳቸው። እንዲህ እያልን አንዱን ስንጨርስ ሌላውን ጀመርን። ከጭቃ በተሠራው ጨለማ ክፍል መደርደሪያ ላይ አምስቱ ተቀምጠው ሲታዩ፣ ቆዳቸው ቢጫ እየሆነ፣ እትዬ ትሁን «እሰይ! ሙሽሮቼ!» ይሏቸው ነበር።

አንድ ቀን በደብረ ዘይት ሰሞን ፍል አጓት ጣቴን አቃጠለኝ። ወይኔ! ዘልዬ መስኮት አጠገብ ሄድሁና ጣቴን ወደ ከንፈሬ አስጠግቼ እፍ፣ እፍ አልሁ። ወተት ልታስረክብ የመጣች አንዲት ሴት በውጭ ስታልፍ አየችኝ። ሰላም ብላኝ ሄደች። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

በሦስተኛው ቀን ከተማው ሁሉ «ያች የአዲስ አበባዋ በሁዳዴ ጣቷን ስትልስ ታየች» ይል ጀመር። በአራተኛው ቀን ጣቱ ማንኪያ ሆነ። በሳምንቱ አይቡን በዳቦ ስበላ የታየሁ ሆንሁ። ወሬው የኔታ ጆሮ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደ ደረሰ እግዜር ይወቀው። ያሉትን ግን ሰማሁ፦ «ጾም የምትገድፍ ሴት የዲያቆን ሚስት አትሆንም።»

በዚያው ምሽት ሀይለየሱስ ወተት ቤቱ በር ላይ መጣ። ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ከብቱ ከሜዳው ሲመለስ ነበር። እትዬ ትሁንን ሰላም ብሎ እኔን ወደ ጎን ጠራኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ነፃነት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትቆጭ።»

«ጠይቅ።»

«የሚወራው... እውነት ነው?»

ደሜ ፈላ! መጾም የጀመርሁት በማን ምክንያት ነው? በባዶ ሆዴ እንስራ ሙሉ ወተት ሳማስል የዋልሁት ለማን ብዬ ነው? ከተማው ያውራ፣ ሥራው ነው። እሱ ግን!

«አንተም?» አልሁት። «አንተም ትጠይቀኛለህ?»

«ከአንች አፍ ልስማው ብዬ ነው እንጅ...»

«ከአፌ ስማ እንግዲህ! አዎ፣ ልሻለሁ! በልቻለሁም! ሂድና ለአባትህ ንገራቸው!»

በሩን ዘጋሁበት። ከበሩ ጀርባ ቁጭ ብዬ ትንፋሹን እሰማለሁ። ቢያንኳኳ እከፍትለት ነበር። አላንኳኳም። እርምጃው ሲርቅ ያን ሁሉ የተናገርሁበትን ምላሴን መንከስ አማረኝ።

እትዬ ትሁን ሁሉንም ሰምተዋል። «አንች እሳት!» አሉኝ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ሰው እንደት በገዛ እጁ ራሱን ያቃጥላል?»

«ይጠይቀኛል እትዬ! እንዴት ይጠይቀኛል?»

«ጠየቀሽ፤ ሌላው ሳይጠይቅ አይደል የፈረደብሽ? በይ አታልቅሽ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

በስቅለት ማግሥት ቁራጭ ወረቀት በወለላ እጅ ላከልኝ። «ጠየቅሁሽ እንጅ አላመንሁም። አንዴ አነጋግሪኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ደጋግሜ አነበብሁት። ወለላ መልስ ትጠብቃለች። «መልስ የለውም በይው» አልኳት። ኩራት ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ልባችሁ እየሮጠ ሲሄድ እግራችሁን ያስራል። በትንሣኤ ቅዳሴ ላይ ጧፍ ይዞ ሲያልፍ ዓይናችን ተጋጨ። ነጭ ለብሷል፤ ከስቷል። ቀድሜ አንገቴን የደፋሁት እኔ ነኝ።

*

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይሉ የለ!

አምስቱን አይብ በጋሪ ጭነን፣ እትዬ ትሁን ጃንጥላ ይዘውላቸው፣ የኔታ ቤት ወሰድናቸው። የሙሽሮቹን ጠረጴዛ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ትልቁን ከሥር አደረግሁ፤ በላዩ ሁለተኛውን፣ በላዩ ሦስተኛውን፣ እያልሁ የጣሳዋን ልጅ ጫፍ ላይ ሰየምኋት። በየደርቡ ዙሪያ ጤናዳምና ከጎረቤት አጥር የለመንሁትን ጽጌረዳ ሰካሁ። የሚያዝያ ሙቀት አይቡን ትንሽ አላበው፤ እሱም አሳመረው፣ አብረቀረቀ። በሩዝ ገለባ በተከደነው ዳስ ውስጥ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር እየመጣ አየው። ወለላ በቬሏ ውስጥ ሆና ስታየው «ነፂ!» ብላ ጮኸች፤ ሙሽራ መሆኗን ረሳችው።

እኔ ግን ደስታው አልገባኝም። ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል። ሀይለየሱስ በዳሱ ወዲያኛው ጫፍ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ሳላየው የት እንዳለ አውቃለሁ። የኔታ ከካህናቱ ጋር ተቀምጠዋል። ከመጣሁ ጀምሮ አንዴም ወደኔ አልዞሩም።

የኔታ ተነሥተው ባረኩ። ሲሳይና ወለላ አንድ ቢላዋ በጋራ ይዘው ታችኛውን ትልቁን አይብ ቆረሱ። እልልታው! ጭብጨባው! የመጀመሪያው ቁራጭ ለአባት ነውና ወለላ በሳህን አድርጋ ለየኔታ ሰጠቻቸው።

ወሬውን ያልሰማ የለም፤ በጾም ገዳፊ እጅ የተሠራውን የኔታ ይቀምሱት ይሆን ብሎ የሁሉም ዓይን እሳቸው ላይ ነው። እሳቸው ካልቀመሱ እኔ በቃኝ፤ ማክሰኞን አልጠብቅም፣ በእግሬ እሄዳለሁ። ቁራሹን አንሥተው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አማትበው ጎረሱት።

ፊታቸው ተኮማተረ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አኘኩ፣ ቆሙ፣ እንደገና አኘኩ። «ወይ ጉዴ፣ ተጸየፉት!» አልሁ በልቤ።

ቀጥሎ ሲሳይ ጎረሰና ሳል ያዘው። ወለላ ቀመሰችና በጥርሷ መሐል «ነፂ፣ ምንድን ነው ይኼ?» አለችኝ። ከዚያማ በየአቅጣጫው «ውሃ!» «ጠላ ወዲህ በሉ!» ሆነ። አንዱ ጎረምሳ ከኋላ ሆኖ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ያሉት ይህን ያህል ነው እንዴ!» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሮጬ ቁራጭ አነሣሁና ቀመስሁ። በስመ አብ! አሞሌ ነው! አሞሌ ጨው የላስሁ መሰለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

«ዝም በሉ!» አሉ የኔታ።

ዝም ተባለ።

«እዚህ ነገር ላይ ጨው ያደረገ ማነው?»

«እኔ ነኝ የኔታ» አልሁ።

«እኔም አለሁበት» አሉ እትዬ ትሁን ከኋላዬ።

ዞር አልሁ። «እርስዎ? እርስዎ ደግሞ መቼ?»

«ጧት ጧት ነዋ! ስገባ ጨው አይታይበትም። ይች ልጅ ሐሳብ ገብቷት ረስታዋለች ብዬ በየጧቱ አሸው ነበር።»

«ማታ ያደረግሁት እኮ ሌሊቱን ቀልጦ ይገባል እትዬ! እንዴት ሳይነግሩኝ?»

«ባለሙያዋን ረሳሽ ብዬ ላሳፍርሽ? ሸፈንሁልሽ እንጅ!»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ የኔታ። ከወንበራቸው ወደ ፊት አዘነበሉ። «ጨው የበዛው ይሄ ብቻ ነው ወይስ አምስቱም?»

እትዬ ትሁን ደረታቸውን ደቁ። «አምስቱንም ነው ያሸሁት፣ የኔታ።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ስትሠሩት፣ ከሁለት አንዳችሁ በአፋችሁ አላደረጋችሁትም?»

የዚያን ጊዜ ያ ክፉ አመሌ ተነሣብኝ። የሁዳዴው ረኃብ፣ የከተማው ወሬ፣ የተዘጋው በር፣ ሁሉም ባንድ ላይ ገነፈለ።

«በሁዳዴ ወተት ልቅመስ እንዴ የኔታ? ምን አድርገው ቢያዩኝ ነው!» ብዬ ጮህሁባቸው። እኔ፣ ነፃነት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በመሪጌታ ላይ! «ብቀምሰውማ ኖሮ እንዲህ እዋረድ ነበር?»

«ትንሣኤ ከሆነስ በኋላ?»

«ሙሽሮች የሚቆርሱትን ቀድሜ ልሸርፈው? እንዲህስ ይደረጋል?»

የኔታ አዩኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲያ ትክ ብለው ያዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የታመሙ መስሎኝ ደነገጥሁ። ለካ እየሳቁ ነው! ጢማቸው እስኪርገበገብ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ሰማችሁ?» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ጣቷን ስትልስ አየሁ ያለ ማን ነበር? እስቲ ይነሣ! አይብ የሚሠራ ሰው አንዴ ጣቱን ቢልስ ይህን ጨው ያጣዋል? አንዴ ብቻ ብትልስ ኖሮ ዛሬ ሁላችን ጥሩ አይብ እንበላ ነበር። ይህን የሠራ እጅ አፍ አልደረሰም!»

አንገታቸውን ያልደፉ ሴቶች ጥቂት ነበሩ።

ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰው የሚያወራውን አምኘ ልጅቷን ሳልጠይቅ ፈረድሁባት። መጽሐፍ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ አላፈርሁም ብል ሐሰት ነው። ነይ ልጄ» አሉኝ።

ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ቀና አድርገው ግንባሬን ሳሙኝ።

«አባትሽ በሕይወት አሉ?»

«አሉ፣ የኔታ። ለገሀር።»

«እንግዲያ ሽማግሌ አልልክም። እኔ ራሴ እሄዳለሁ። ከነእርጅናዬ እዚያ ድረስ ሄጄ ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ እላለሁ። ሀይለየሱስ! የታለ ይህ ልጅ?»

እልልታው ዳሱን ሊያነሣው ደረሰ። «አባባ! ሰርጉ እኮ የኔ ነው!» ትላለች ወለላ፣ እሷም እየሳቀች፣ እሷም እያለቀሰች። እኔ ግን ሁሉም ነገር በውሃ ውስጥ ሆኖ ይታየኝ ጀመር። እንባዬ አልቆም ሲለኝ ከሰው መሐል ወጣሁ።

*

ከዳሱ ጀርባ፣ የጠላው እንስራ በተደረደረበት ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን እጠርጋለሁ። እርምጃውን አወቅሁት። መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ፤ በእጁ አንድ ቁራጭ አይብ ይዟል፣ ይበላል።

«ተው፣ ትታመማለህ» አልሁት።

«ጥሩ ነው።»

«ውሸታም! አሞሌ ነው።»

«አሞሌም ቢሆን ያንች ነው።» ዋጠው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከጨው ይሁን ከሌላ እንጃ። «ነፃነት፣ ልሻለሁ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ተናድጄ ነዋ! ካላመንኸው ለምን ጠየቅኸኝ? እሱን ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን ከበሩ ጀርባ ሆኜ ስጠብቅህ ለምን አላንኳኳህም?»

አጠገቤ መሬት ላይ፣ በዚያ በነጭ ልብሱ፣ ቁጭ አለ።

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ልሻለሁ ስትይኝ ልቤን አየሁት። አላዘነብሽም፣ አልተቆጣብሽም። እውነት ቢሆንስ ብየ አሰብሁ፤ እውነትም ቢሆን አልተዋትም አለኝ። አባቴ ቢረግሙኝ፣ ድቁናየ ቢቀር፣ አልተዋትም አለኝ። እኔ ያን ያህል እንደምወድሽ አላውቅም ነበር፣ ነፃነት። ቆሜ ራሴን ፈራሁት። ለዚህ ነው ያላንኳኳሁ።»

ያ ሁሉ ሳምንት ያጠራቀምሁት ቁጣ የት ገባ? ፈለግሁት፣ አጣሁት። እጄን ሰደድሁና እጁን ያዝሁት። እጁ ሻካራ ነው፤ የአስተማሪ እጅ አይመስልም። በዳሱ ውስጥ ጠላ አለቀ እየተባለ ይጮኻል፤ ሰዉ በጨው ተቃጥሎ እንስራ አራቁቷል።

«ማክሰኞ... ትሄጃለሽ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ መልሱን እየፈራ።

«ወዴት?» አልሁት።

ሲገባው ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለና እንደ ልጅ ከት ብሎ ሳቀ፣ እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ፤ ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴ ድረስ አየር ገባልኝ።